ሌላ ቦታ ይፈልጉ

ምላጭ ካኮረፈች ዛሬ ልክ ሁለት ወሯ ነው። ሰው ሲያኮርፍ ወይ ይከሳል ወይ ይነጫነጫል፤ እሷ ግን ሁለቱንም ትታ ሥራዋን አሳመረች። ድሮም የምትቆርጠው ቀጭን ነበር፤ ካኮረፈች ወዲህ ግን እሷ በቆረጠችው ላይ አሻግሮ ጋዜጣ ማንበብ ይቻላል ይባልላት ጀመር።

ቅጽል ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ግማሹ ለያዘችው ስለት፣ ግማሹ ለምላሷ ነው ይላሉ። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ መስኮቱ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚያሳይ ክፍል ውስጥ ነው። ከበሽተኛ የተወሰደ ሥጋ በሰም ተደፍኖ፣ የክብሪት ሣጥን ግማሽ የምታህል ጡብ ሆኖ ይመጣላታል። እሷ ጡቧን በረዶ ላይ አቀዝቅዛ፣ ማሽኑ ላይ አጥብቃ፣ እጀታውን ትዘውራለች። ከፀጉር ሃያ እጥፍ የቀጠነ ቁራጭ እንደ ሪባን እየተያያዘ ሲወጣ በቀጭን ብሩሽ ተቀብላ ለብ ያለ ውሃ ላይ ታንሳፍፈውና በመስታወት ጨልፋ ታወጣዋለች። ይህ ሁሉ ሲሆን አይወራም፣ አይሳልም፣ አይለቀስም። ከቆራጭ አፍ የወጣች አንዲት ፍንጣቂ ናሙናው ላይ ካረፈች፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ማሽን የበሽተኛውን ዘር ከቆራጯ ዘር ጋር ደባልቆ ያነበዋል።

ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ዶክተሩ አለ። የተኮረፈው እሱ ነው።

የዶክተሩ ሙያ የትልቁ አንጀት ካንሰር ዘረመል ማንበብ ነው። «ዘረመል» ማለት ለሥራ ሰው ስለሚረዝም በዚያ ቤት ሁሉም «ዘር» ብለው ያሳጥሩታል። እሱ እንደሚለው ዕጢ ሲያዩት አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም። ከአንዲት ሕዋስ ተነስቶ ሲባዛ ሲባዛ ልጆቹ ይለያያሉ፤ የአንዱ ጥግ ጠባይ ከሌላው ጥግ አይገጥምም። ከዚያ ሁሉ መሐል ጓዙን ጠቅልሎ ጉበት ድረስ የሚሰደደው ብዙኃኑ ላይሆን ይችላል፤ ማንም ያልጠረጠረው፣ አንድ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ጥቂቱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቆርጦ፣ እሱን ብቻ አንብቦ መድኃኒት ያዘዘ ሐኪም ሊሳሳት ይችላል። ምላጭ ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን ምንም አልደነቃትም። ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ጨርቅም ቢሆን የጠርዙና የመሐሉ ቀለም አይገጥምም፣ ይህንን የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ኮት ከመስፋቱ በፊት ጣቃውን ሙሉ ዘርግቶ ያያል አለችው። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዶክተሩ ያን ቀን ወደ ፎቁ ሲመለስ ደረጃ ስቶ ተደናቀፈ።

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በወረቀት ሆነ። ምድር ቤቱንና ሦስተኛ ፎቁን የምታገናኝ፣ ደወል ያላት አንዲት ትንሽ የዕቃ ሊፍት አለች፤ ናሙና የሚወጣውም የሚወርደውም በእሷ ነው። ከናሙናው ጋር የመጠየቂያ ወረቀት ይወርዳል፤ እሷ ትቆርጥና በማስረከቢያ ወረቀት አድርጋ ትመልሳለች። የሁለቱም ወረቀት አንዱ ገጽ የታተመ ነው፣ ጀርባው ባዶ። በታተመው ገጽ «እርስዎ» ይባባላሉ፣ በጀርባው «አንተ» እና «አንቺ»። ፊት ለፊቱ «ሦስት ቁራጭ ይላኩልኝ» ይላል፤ ጀርባው «ትናንት ደረጃው ላይ ያየሁት አንቺን ነው ወይስ ዓይኔ ነው?» ይላል። እሷም «ሦስት ቁራጭ ልኬያለሁ» ትልና በጀርባው «ዓይንህ ነው፤ አስመርምረው» ብላ ትሰድለታለች። ሥራና ፍቅር አንድም ቀን ተቀላቅሎባቸው አያውቅም ነበር።

የተቀላቀለው ወረቀቱ ያለቀ ቀን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዶክተሩ ለልደቱ ኮት የሚያሰፋ መስሎ የምላጭን አባት ሊያያቸው ሱቃቸው ሄደ። አባቷም ለኩት፣ ወደዱት። በሳምንቱ እሱ በተራው ምላጭን እናቱ ጋ ወሰዳት። እናቱ በጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ጎረቤቱም ዘመዱም «ዳኛዋ» ነው የሚላቸው። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የቤተሰቡ ዲግሪ ተደርድሮ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ዳኛዋ ትከሻቸው ላይ ነጠላ ነገር ጣል አድርገው፣ ከስተው፣ ወንበራቸው ላይ እንደ ችሎት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። አባቷ ምን እንደሚሠሩ ጠየቋት፤ ልብስ ሰፊ ናቸው አለች። አያቷስ? እሳቸውም ልብስ ሰፊ ነበሩ። ቅድመ አያቷስ? ምላጭ እሳቸው እንኳ አዝራር ብቻ ነበር የሚተክሉት አለች፤ ይስቃሉ ብላ ነው። ዳኛዋ አልሳቁም።

«ዘርሽ ሁሉ መርፌ ነው በይኛ» አሉና ልጃቸውን ውሃ አምጣ ብለው አዘዙት።

በሦስተኛው ቀን ሊፍቷ ደወለች። ሣጥኗ ውስጥ የበሽተኛ ስም የሌለበት የሰም ጡቦች ዝርዝር አለ፤ የሁልጊዜው ሥራ መስሏት ወደ ጎን አደረገችው። አጠገቡ ከደብተር የተገነጠለ፣ ምንም ያልታተመበት ወረቀት አለ። ማተሚያ ቤቱ ስላዘገየ የታተመው አልቆ ነበር። በወረቀቱ ላይ ቁጥር የለም፣ ቀን የለም፣ «እርስዎ» የለም። እንዲህ ይላል፦

«ብዙ አሰብኩበት። ላይ ላዩን ሲያዩት ጨዋ ይመስላል፤ ዘሩ ግን የተደባለቀ ነው ብዬ ፈራሁ። በአንድ ወገን ብቻ አይቼ ልወስን አልችልም። የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ እባክሽ በምስጢር ያዢልኝ።»

ምላጭ አነበበችው። ቁጭ ብላም አነበበችው። ለራሷ ቢሆን ችላ ታልፈው ነበር፤ እንደ እሷ ያለች ልጅ ከንቀት ጋር አድጋለች፣ መልስም አታጣለትም። ግን ይህ ስለ አባቷ ነው። ጉልበታቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው፣ ያንን ሰውዬ ትከሻው ሰፊ ነው ብለው ደስ ያላቸው አባቷ፣ ላይ ላዩን ጨዋ ይመስላሉ ተባሉ። እንባዋ መጣ። የውሃ ሣህኑ ከፊቷ ስለነበር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች፤ ሥራ ማለት ሥራ ነው። ከዚያ ብዕር አንስታ በዚያው ወረቀት ግርጌ ጻፈች። ከልጅነቷ ጀምሮ የተናደደችበትን ሰው «እርስዎ» ማለት ልማዷ ነው።

«ገብቶኛል። ሌላ ቦታ ይፈልጉ።»

ደወሏን መታች፤ ሣጥኗ ወጣች። በዚያች ሰዓት ለራሷ ማለች፤ ከእንግዲህ የወረቀት ጀርባ ብሎ ነገር የለም። የታተመው መጠየቂያ ከማተሚያ ቤት መጣ፤ ሊፍቷ እንደ ድሮው ትወርዳለች፣ ምላጭ የታተመውን ገጽ ታነባለች፣ ትቆርጣለች፣ ወረቀቱን ሳትገለብጥ በመሳቢያ ታስገባለች። የማስረከቢያዋ ጀርባ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዶክተሩ ሁለት ጊዜ ራሱ ወደ ምድር ቤት ወርዶ ነበር። ሁለቴም ማሽኑ ላይ ተጎንብሳ እጇን ብቻ አነሳችለት፤ ሲቆረጥ አይወራም። ሁለተኛ ጊዜ ግን ማሽኑ ላይ ምንም አልነበረም፤ እጀታውን ባዶውን ነበር የምትዘውረው።

ዛሬ ጠዋት ልትወጣ ስትል አባቷ ኮቱን በከረጢት ጠቅልለው ሰጧት። ሁለት ወር ተሰቅሎ ብል ሊበላው ነው አሉ። ምላጭ እሱ ከፈለገ ራሱ ይምጣ አለች። አባቷ መልሷን የሰሙ አይመስሉም፤ ክር በጥርሳቸው እየበጠሱ ነበር።

«ትከሻውን ለክቻለሁ፣ ደረቱን ለክቻለሁ» አሉ። «ልቡን የምለካበት ሜትር የለኝም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ኮቱ ግን ምን በደለ? ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቼለታለሁ በይው። ወንድ ልጅ ሲያገባ ይወፍራል።»

ያ ትርፍ ጨርቅ ነው አንጀቷን የበላው። የተሰደቡት ሰው ለሰዳቢያቸው ሆድ ቦታ ትተውለታል። መንገዱን ሙሉ ኮቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ሄደች፤ ከዚህ ቀን በኋላ በሊፍት ካልሆነ በቀር ከዚያ ሰው ጋር ምንም እንደማይኖራት ወሰነች። ሰጥታው ትመለሳለች፤ ሁለት ቃል ተናግራ ትወርዳለች። ሁለቱን ቃልም አዘጋጅታዋለች።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ደረጃውን ወጣች። የዶክተሩ ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ገፋ አድርጋ ገባች። ዶክተሩ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆሟል። ከአጠገቡ የክፍሉ አንጋፋ፣ አንዱን መነጽር ግንባራቸው ላይ አንዱን ዓይናቸው ላይ ስለሚያደርጉ ጋሼ መነጽር የሚባሉት ሽማግሌ ሐኪም አሉ። ወንበሩ ላይ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ማይክሮስኮፑን የሚያዩት ደግሞ ዳኛዋ ናቸው። ምላጭ እነዚህን ሁሉ ያየቻቸው ቆይታ ነው። መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነው።

ወረቀቱ እዚያ ተለጥፏል። ያው ከደብተር የተገነጠለው ወረቀት፣ በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ከሰዎቹ ራስ ከፍ ብሎ፣ እንደ ዲግሪ ተሰቅሏል። «ሌላ ቦታ ይፈልጉ» የሚለው በቀይ ቀለም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

የተዘጋጁት ሁለት ቃላት ጠፉ። ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባቴ ልከውልዎት ነው» አለች ቀስ ብላ። «ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው ጨዋ የሚመስሉት አባቴ።»

ዶክተሩ ወደ ኮቱ፣ ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ እሷ ወደምታየው ግድግዳ ተመለከተ።

«ሰው ሲሰደብ ቢያንስ ወረቀቱ ይቀደዳል» አለች። «እርስዎ ግን የሰደቧቸውንም የመለስኩልዎትንም በፕላስቲክ አስለብሰው ለእንግዳ ያሳያሉ። ዘራቸው የተደባለቀ ከሆነ ለምን በእጃቸው ተለኩ?»

የዶክተሩ ፊት ነጣ፣ ቀላ፣ እንደገና ነጣ። ሲጽፍ ያሰበውንና እሷ ያነበበችውን በአንድ ጊዜ እያነበበ ነው።

«አባትሽ?» አለ። «ያ እኮ የእናቴ ዕጢ ነው።»

ዳኛዋ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ አነሱ።

ሕመማቸውን ከሐኪሞቻቸውና ከልጃቸው በቀር የሚያውቅ እንዳይኖር ያዘዙት ራሳቸው ነበሩ። ምላጭ ቤታቸው የሄደች ጊዜ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወር አልሞላቸውም፤ ጉበታቸው ላይም ነጠብጣብ ታይቶ ነበር። የተወሰደው ዕጢ ከአንድ ወገኑ አራት ቦታ ተቆርጦ ተነበበ፤ አራቱም አንድ ዓይነት መልስ ሰጡ። መድኃኒቱ በእሱ ሊታዘዝ ሁለት ቀን ሲቀረው ዶክተሩን ፍርሃት ያዘው። ስም እንዳይታወቅ ቁጥር ሳይጽፍ፣ ልቡ ስላልተረጋጋ «እርስዎ» ማለቱን ረስቶ፣ ምድር ቤት ላለችው፣ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ ለሚያምናት ሰው ጻፈ።

ጋሼ መነጽር ግንባራቸው ላይ ያለውን መነጽር ወደ ዓይናቸው አወረዱ፤ ሁለት ሆነ። እዚህ ቤት ሥርዓት ይዞ የሚያድግ ዕጢ «ጨዋ»፣ የሚረብሽ ደግሞ «ባለጌ» እንደሚባል አንቺም ታውቂያለሽ አሏት። ታውቃለች። ሃያ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ራሷም ብላዋለች። ግን የዳኛዋ ጥያቄ በሦስተኛው ቀን እንኳ ጆሮዋ ላይ ስለነበር፣ ደግሞም «አንቺ» የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ ስለነበር፣ ቃሉ ከሥራ ወጥቶ ቤቷ ገባ።

«ዕድሜ ልካችሁን ሰም ውስጥ ኖራችሁ፣ ወርቁን ትፈቱታላችሁ ስል» አሉ ጋሼ መነጽር። «ሰም ብቻ የነበረውን ወርቅ አደረግሽው።»

ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ወደ ግድግዳው ሄዶ ጣቱን ቀይ ከተሰመረው ላይ አደረገ።

«ይሄስ?» አላት። «ሌላ ቦታ ይፈልጉ ያልሽኝስ?»

ምላጭ ወለሉን አየች።

«ሌላ ሚስት ፈልግ ማለቴ ነበር» አለች።

ዶክተሩ የሚቀመጥበት ሲፈልግ ዳኛዋ ወንበሩን ስለያዙት በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «እርስዎ ብለሽ ስለጻፍሽ የሥራ ነው አልኩ» አለ። «ሌላ ጥግ እንድፈልግ የነገርሽኝ መሰለኝ።»

ፈልጎም ነበር። ያን ቀን ምሳ ሳይበላ የእናቱን የሰም ጡቦች ሁሉ አውጥቶ ደረደረ። ከሁሉም መሐል ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ከገባበት፣ ከታች በኩል፣ ማንም ያልቆረጠው አንድ ጥግ አገኘ። ለብቻው በቁጥር ጽፎ ላከው፤ ያ ቁራጭ በማግስቱ ቆንጆ ሆኖ ተቆርጦ መጣለት። አራቱ ጥጎች የተናገሩትን አምስተኛው አልደገመውም፤ ሌላ ዘር ነበረው። የጉበቱም ነጠብጣብ ሲነበብ የተገኘው የአራቱ ሳይሆን የአምስተኛው ወንድም ነበር። መጀመሪያ ሊታዘዝ የነበረው መድኃኒት ቢሰጣቸው ኖሮ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ይሆን ነበር። ተቀየረ። ዛሬ ጠዋት በወጣው ምስል ጉበታቸው ላይ ያለው ነጠብጣብ ከግማሽ በታች ሆኖ ታይቷል፤ ሲስቁ የነበሩትም ለዚህ ነው።

ምላጭ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ያን አምስተኛ ጥግ ታስታውሰዋለች። ኩርፊያዋ ገና ትኩስ የነበረበት ቀን ነው፤ እልህ ይዟት፣ ለእሱ ብላ ሳይሆን ለበሽተኛው ብላ፣ ጡቧን ሦስት ጊዜ በረዶ ላይ መልሳ፣ አንዲት ሽብሽብ ሳይኖርባት ነበር የቆረጠቻት። የማን እንደሆነች ሳታውቅ።

ዳኛዋ እስካሁን ዝም ብለው ሲያዳምጡ ነበር፤ አርባ ዓመት የለመዱት ነው። አሁን ምላጭን በእጃቸው ጠሯት። ተጠግታ አጠገባቸው ስትቆም እጇን ያዙና መዳፏን ገለበጡት፤ አመልካች ጣቷ ላይ ከእጀታው የወጣውን ጠንካራ ቆዳ በአውራ ጣታቸው ነኩት።

«ይህችን ጥግ የቆረጥሽ ቀን ታለቅሺ ነበር?»

ምላጭ አዎ አለች። ግን አይስጉ፣ ፊቴን አዙሬ ነው አለች፤ እንባዬ ውሃው ላይ ቢወድቅ ዘሬ ከእርስዎ ዘር ጋር ይደባለቅ ነበር።

ዳኛዋ እጇን አልለቀቁም። አንድ ወገን ሰምቶ የፈረደ ዳኛ ሹመቱን ይመልስ እያልኩ ወጣቶቹን ሳስተምር ኖሬ፣ በራሴ ሳሎን በአንድ ጥያቄ ፈረድኩብሽ አሏት። በሽታዬ እንኳ በአምስት ቦታ ታይቶ ነው የተፈረደበት፤ አንቺን ግን በአንድ ቦታ አየሁሽ አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ከእንግዲህ ቢደባለቅ አልቃወምም» አሉ። «ካንጀቴ ነው የምልሽ። ከተረፈኝ አንጀት።»

ጋሼ መነጽር ድንገት መስኮቱ በኩል የሚታይ ነገር እንዳለ ትዝ አላቸው። ዶክተሩ እስከ ጆሮው ቀላ። ምላጭ ሳቀችም አለቀሰችም፤ የትኛው እንደቀደመ ኋላ ሲጠይቋት እሷም አታውቀውም። ሁለት ወር ሙሉ ደረቷ ላይ እንደ ሰም ጡብ የተቀመጠው ነገር ሲቀልጥ ተሰማት።

ዶክተሩ ኮቱን ካነሳ በኋላ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ወደ እሷ ዞረ። ዝም ያልሽው በምስጢር ያዢልኝ ስላልኩሽ መስሎኝ ነበር አላት፤ ብቻ በዛብኝ አለ። ቆይቶም ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

«ጀርባውንስ አላነበብሽውም?»

«የምኑን ጀርባ?» አለች።

ዶክተሩ ፊቱን በኮቱ ሸፈነ።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። መሳቢያዋን ሳበች፤ የሁለት ወር መጠየቂያ ወረቀት፣ የታተመው ገጽ ወደ ላይ ሆኖ፣ እንደ ተማለለት ሳይገለበጥ ተደርድሯል። ሠላሳ ስምንት ናቸው። የመጀመሪያውን ገለበጠች። ባዶ አልነበረም። ሁለተኛውም አልነበረም። ቁጭ አለችና አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር።

«ምክርሽ ሠራ። ሳገኝሽ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ አመሰግንሻለሁ።» ሌላው፦ «ዛሬ እናቴ ሾርባ ጠጣች፤ ጨው የለውም ብላ ሾርባው ላይ ፈረደችበት። ድናለች ማለት ነው።» ሌላው፦ «ኮቴን ልወስድ ልመጣ እያልኩ እያፈርኩ ነው። አባትሽ ተቀየሙኝ?» ሌላው፦ «ያቺ ባለ መርፌዋ ልጅ እንዴት ናት አለችኝ። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ስለጠየቀችው ሰው መልካም ነገር ነው የምታስበው።» ሌላው፦ «ዛሬ ወርጄ ነበር። ባዶ ማሽን ስትዘውሪ አይቻለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ስትዘውሪም ታምሪያለሽ።»

እያነበበች ስትስቅ የአጠገቧ ክፍል ሠራተኛ አንገቷን አስግጋ አየቻትና ተመለሰች። ያ ሁሉ ቀን፣ እሷ በንዴት የምትኖርበት ቀን፣ ከወረቀቱ ማዶ በኩል አንድ ሰው ሲያወራት ኖሯል። የጠፋባት ጊዜ አሳዘናት፤ ጊዜው ደግሞ አንዱም ቀን ሳይጎድል መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጦ ስለጠበቃት ደስ አላት። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ልብ ሊገቡ እንደሚችሉ ከዚያ ቀን በፊት አታውቅም ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንቱን ወረቀት ስትገለብጥ እጇ ቆመ። በታተመው ገጽ «ሁለት ቁራጭ ይላኩልኝ» ይላል። ጀርባው ላይ ጽሑፉ ከወትሮው ተጠንቅቆ የተጻፈ ነው። «ይህን በቃል ልነግርሽ ነበር፤ ስትቆርጪ ግን አይወራም። ታገቢኛለሽ? አሁኑኑ መልሺልኝ አልልሽም።» የቀጣዩ ቀን፦ «ለትናንቱ ጥያቄ አትቸኩዪ።» ከሳምንት በኋላ፦ «አትቸኩዪ ያልኩትን ተዪው። ቸኩዪ።» የዛሬ ጠዋቱ፦ «እናቴ ተሽሏታል። አሁን የቀረኝ አንድ ሕመም ነው፤ መድኃኒቱም ምድር ቤት ነው ያለው።»

ምላጭ አንድ ማስረከቢያ ወረቀት መዘዘች። የታተመውን ገጽ በደንቡ ሞላችው፤ ዛሬ የተጠየቀችውን ሁለት ቁራጭ ልካለች፣ ተረክበው ይፈርሙ። ከዚያ ገለበጠችው። ነጩ ገጽ ለሁለት ወር የራቀችው አገር መሰላት። ብዙ ልትጽፍ አሰበች፤ ስለ አባቷ፣ ስለ ትርፉ ጨርቅ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስላለቀሰችው። ሁሉም ሌላ ቀን ይደርሳል። አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፤ በዚህ ጊዜ ግን «እርስዎ» የሚል እንዳይኖርበት እያንዳንዷን ፊደል አየች።

«ሌላ ቦታ አትፈልግ።»

ወረቀቱን ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጣ ደወሏን መታች። ሊፍቷ እንደ ልማዷ እያቃሰተች ወደ ላይ ወጣች፤ በአንደኛ ፎቅ፣ በሁለተኛው ስታልፍ ድምፅዋ ይሰማል። ምላጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆጠረቻት። እንባዋ ወረደ። ፊቷን አላዞረችም፤ በዚያች ሰዓት ማሽኑ ላይ ምንም ናሙና አልነበረም።